ቀኑ ቀድሞ፣ መንገዱ ዘግይቶ፦ የባሕር ጠለል ስጋት ለፌርቦርን ነዋሪዎች የተነገረበት ሁኔታ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የባሕር ጠለል መጨመርን ለባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ስለማስረዳት የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በቋንቋ ቅለት፣ በካርታና በሥዕል፣ እንዲሁም በሳይንሱ ተአማኒነት ላይ ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። በብሪታንያ፣ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ የምትገኘው የፌርቦርን መንደር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ስጋቱ በትክክል ቢነገርም እንኳ፣ ሰሚው «ታዲያ እኔ ምን ልሁን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ካልተዘጋጀ፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ ጉዳት ያደርሳል። በፌርቦርን፣ መንደሯ ከ2054 በኋላ ከባሕር እንደማትጠበቅ ሲሰማ፣ ባሕሩ ወደ ቤቶቹ ሳይገባ የቤት ዋጋ ወደቀ፣ አበዳሪዎች ሸሹ፣ ነዋሪው በአስተዳደሩ ላይ የነበረው እምነት ተሸረሸረ።

ይህ ጽሑፍ በይፋ ከሚታወቁ ሰነዶችና ዘገባዎች ተነሥቶ የተዘጋጀ ነው። የግለሰብ ስም አልተጠቀሰም፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተጻፈው የአካባቢውን ምክር ቤትም ሆነ ባለሙያዎቹን ለመክሰስ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ብዙ አስተዳደሮች ሊናገሩት የፈሩትን እውነት እነርሱ ተናግረዋል፤ ለዚህም ክብር ይገባቸዋል። እዚህ የሚመረመረው እውነቱ የተነገረበት ቅደም ተከተል ነው።

መንደሯና ሦስቱ ውኃዎች

ፌርቦርን በካርዲጋን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ የማውዳህ ወንዝ ከባሕር ከሚቀላቀልበት አፍ በስተደቡብ የተቆረቆረች ናት። ከወንዙ አፍ ማዶ የባርማውዝ ከተማ ይታያል። መንደሯ የተመሠረተችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ዝቅተኛውን መሬት የገዛው በዱቄት ንግድ የበለጸገ አንድ ባለሀብት የመዝናኛ ሥፍራ ሊያደርገው አስቦ ነበር። የግንባታ ዕቃ ለማመላለስ በ1895 ፈረስ ጋሪ የሚጎትትበት ጠባብ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ በዚያው መስመር ዛሬ ጎብኚዎችን የሚያጓጉዝ ትንሽ ባቡር ይሄዳል። በመንደሯ ከ400 በላይ ቤቶች ያሉ ሲሆን፣ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ መጥተው የጡረታ ዘመናቸውን በባሕር አጠገብ ለማሳለፍ የሰፈሩ ናቸው።

መሬቱ ጠፍጣፋ ነው። በባሕሩ በኩል ሞገድ ራሱ የከመረው የጠጠር ቁልልና በላዩ የተሠራው ግንብ ይጠብቁታል፤ በወንዙ በኩል ደግሞ ረጅም የአፈር ግድብ አለ። ከኋላ ተራራ ነው። በጠጠሩ ቁልል ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታንክ እንዲያግዱ የተተከሉ የኮንክሪት ብሎኮች እስከ ዛሬ በረድፍ ቆመዋል። ከአንድ ሰው ቤት ወጥቶ እዚያ ቁልል ላይ የሚቆም ሰው ባሕሩን ከፊቱ፣ ጣሪያዎቹን ከኋላው ዝቅ ብለው ያያል። ስለዚህ ነዋሪው ስለ ስጋቱ ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ግንቡን ከፍ አድርጉት» የሚል መሆኑ አያስገርምም።

ነገር ግን መንደሯን የሚያሰጋት ውኃ አንድ አይደለም። አንደኛው በማዕበል ጊዜ ከግንቡ በላይ የሚዘልለው የባሕር ውኃ ነው። ሁለተኛው ከተራራው ወርዶ በቦይ ወደ ወንዙ አፍ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ የቦዩ መውጫ ስለሚዘጋ፣ ይህ ውኃ ባሕሩ እስኪጎድል ድረስ ከመንደሯ በኩል ተጠራቅሞ ይጠብቃል። የባሕሩ ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር መውጫው ክፍት የሚሆንበት ሰዓት እያጠረ፣ የሚጠራቀመውም ውኃ እየበዛ ይሄዳል። ሦስተኛው ደግሞ ከእግር በታች ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ሲሆን፣ ባሕሩ ከፍ ሲል እርሱም አብሮ ከፍ ይላል። ግንብ የሚያግደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህ ነጥብ የጉዳዩ ቁልፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ነዋሪው መጀመሪያ ሊሰማው ሲገባ ዘግይቶ የሰማው ነገር ሆነ።

ስጋቱን መግለጽ ለምን ይከብዳል

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል በ2021 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ የዓለም አማካይ የባሕር ጠለል ከ1901 እስከ 2018 ድረስ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል፤ ከ2006 እስከ 2018 የነበረው ፍጥነት በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ነበር። እስከ 2100 ድረስ የሚጠበቀው ጭማሪ፣ ከ1995 እስከ 2014 ከነበረው አማካይ አንጻር፣ በጣም ዝቅተኛ የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት በሚኖርበት ሁኔታ ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ከፍተኛ ልቀት በሚኖርበት ሁኔታ ደግሞ ከ63 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.01 ሜትር ነው።

ባሕሩ በየቀኑ በሜትሮች የሚሞላና የሚጎድል በሆነበት ዳርቻ የሚኖር ሰው 3.7 ሚሊ ሜትርን በዓይኑ ሊያየው አይችልም። «ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ባሕሩ ያው ነው» ሲል ያየውን ነው የሚናገረው። ጉዳቱ የሚመጣው ከፍ ያለው መነሻ የማዕበሉን ጫፍ ይዞት ሲወጣ ነው። ይኸው ግምገማ እንደሚለው፣ ቀድሞ በመቶ ዓመት አንዴ ይታይ የነበረ ከፍተኛ የባሕር ሙላት፣ የባሕር ከፍታ መለኪያ ካለባቸው ቦታዎች ከግማሽ በሚበልጡት እስከ 2100 ድረስ ቢያንስ በየዓመቱ የሚከሰት ይሆናል።

«በመቶ ዓመት አንዴ» የሚለው አነጋገርም ራሱ ያሳስታል። ሰሚው «ባለፈው ዓመት መጥቷል፣ እንግዲህ ለልጅ ልጆቼ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ትርጉሙ ግን በየትኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰት ዕድሉም ከመቶ 26 ይሆናል። ቤት ገዝቶ ዕዳውን በ30 ዓመት ለሚከፍል ሰው ትርጉም የሚሰጠው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

ለምዕራብ ዌልስ የባሕር ዳርቻ የተዘጋጀው ሁለተኛው የአስተዳደር ዕቅድ መጪውን መቶ ዓመት በሦስት ዘመን ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የዳርቻ ክፍል ፖሊሲ መደበ። ለፌርቦርን የተመደበው በቀላል ቋንቋ ሲገለጽ፣ በመጀመሪያው ዘመን መከላከያውን ይዞ መቆየት፣ በሁለተኛው ዘመን በዕቅድ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ በመጨረሻም መከላከሉን ማቆም ነበር። መንደሯን የሚያስተዳድረው የግዊኔድ ምክር ቤት ዕቅዱን በ2013 ተቀበለው። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ ነበር፤ ሥርዓቱ ተሟልቷል። ነገር ግን ሰነዱ የተጻፈው ለመሐንዲስና ለዕቅድ አውጪ ነው፤ «በዕቅድ ማፈግፈግ» የሚለው ሐረግ «ቤትህን ትለቃለህ» ማለት መሆኑን ከመቶዎች ገጽ መካከል ፈልጎ የሚያገኝ ነዋሪ ጥቂት ነው።

ብዙ ነዋሪዎች ነገሩን የሰሙት በየካቲት ወር 2014 በቢቢሲ ዌልስ በተላለፈ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር። ጊዜውም ክፉ ነበር። በዚያው ክረምት ተከታታይ ማዕበሎች የዌልስን ዳርቻ መትተዋል፤ በዚያው ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ ያለችው የአበሪስትዊዝ ከተማ የባሕር ዳር መንገድ በጥር ወር ተጎድቶ ነበር፤ ሕዝቡ ቀድሞውኑ ተጨንቆ ነበር። በዚህ ላይ ሰው የመንደሩን መጨረሻ ሳሎኑ ተቀምጦ፣ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው በሌለበት ሰማ። የቤቱን ዕጣ ከማያውቀው ሰው አንደበት መስማት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማሰብ ብዙ ምናብ አያስፈልግም።

ከዚያ የወጣው ቁጥር 2054 ነው፤ መንደሯ ከዚያ በኋላ እንደማትጠበቅ የሚያመለክት ዓመት። ይህ ዓመት ከየት እንደመጣ መመልከት ያስፈልጋል። የዕቅዱ ሐሳብ የተመሠረተው በዓመት ላይ ሳይሆን በከፍታ ላይ ነው። ባሕሩ ግማሽ ሜትር ያህል ሲጨምር መንደሯን መጠበቅ አደገኛም አዋጭ ያልሆነም ይሆናል የሚል ነው። ግማሽ ሜትሩ መቼ እንደሚደርስ በአንድ ትንበያ ተሰልቶ አርባ ዓመት ገደማ ተባለ፤ አርባው በ2014 ላይ ተደመረ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሜትሩ ተረሳ፤ ዓመቱ ብቻ በየጋዜጣው ቀረ። ሁኔታን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር የቀጠሮ ቀን ሆነ።

የቀጠሮ ቀን ደግሞ ባንክ የሚያነበው ነገር ነው። በ2014 ለ25 ዓመት የሚሰጥ የቤት ብድር በ2039 ያበቃል፤ ከ2054 በፊት ስለሆነ ችግር ያለበት አይመስልም። አበዳሪው ግን የሚያስበው ስለ ቀጣዩ ገዢም ጭምር ነው። ቤቱን በ2029 የሚገዛ ሰው ብድር በትክክል 2054 ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ገዢ የሚያበድር የለም፤ ስለዚህ መያዣው ዛሬውኑ ዋጋ ያጣል። አርባ ዓመት ይቀራል የተባለው ጉዳት በወራት ውስጥ የደረሰው በዚህ ስሌት ነው። በፌርቦርን የቤት ብድር ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ የሚገዛ ቢገኝም በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያለው ብቻ ሆነ፤ ዋጋውም ወደቀ። በባሕር ምክንያት ቤቱን ለሚያጣ ባለንብረት ካሳ የሚሰጥ መብት በአገሪቱ ሕግ የለም። ለብዙ ጡረተኛ ቤቱ ያለው ሀብት ሁሉ ነው። ለመሄድ የሚፈልግ መሸጥ አይችልም፤ ለመቆየት የሚፈልግም የእርጅና ዋስትናው በእጁ ላይ ሲቀልጥ ያያል።

አንድ ተጨማሪ ግራ መጋባት ነበር። በዚያው ጊዜ በወንዙ በኩል ያለውን ግድብ ለማጠናከር 6.8 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ሥራ እየተካሄደ ነበር። ነዋሪው በአንድ ጆሮው «እየጠበቅንህ ነው»፣ በሌላው «ትለቃለህ» የሚል ሰማ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ለሚቀጥሉት አሥርታት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ የሚያስረዳ ግን አልነበረም።

የተወሰዱ ርምጃዎች

ከቴሌቪዥን ስርጭቱ በኋላ ነዋሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በተጨናነቁ ስብሰባዎች ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ምክር ቤቱ፣ የዌልስ የተፈጥሮ ሀብት ተቋም፣ የዌልስ መንግሥትና ሌሎች አካላት በአንድ የጋራ ቦርድ ሥር ተሰባሰቡ። ነዋሪዎች ቀርበው የሚጠይቁበት መደበኛ ጊዜ ተመደበ፤ በራሪ ጽሑፎችም ተሰራጩ። በመንደሯ ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃን ከፍታ የሚለኩ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ውኃው ለባሕሩ ሙላትና ለዝናብ እንዴት ምላሽ እንደሚሰጥ መመዝገብ ጀመረ። በ2019 የመንደሯን የወደፊት ሁኔታ የሚመለከት ሰፊ የማዕቀፍ ሰነድ ወጣ።

የሠራው

በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያለው የከርሰ ምድር ውኃው ልኬት ነው። እስከዚያ ድረስ ክርክሩ «ግንቡ ይበቃል፣ አይበቃም» በሚል ላይ ቆሞ ነበር፤ አንዱ ወገን ሞዴል ይጠቅሳል፣ ሌላው የኖረበትን ዘመን ይጠቅሳል። ከመንገዱ ዳር ያለ ጉድጓድ ግን የማንንም ወገን አይይዝም። ውኃው ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከትልቅ ዝናብ በኋላ ምን ያህል እንደሚወጣ መዝጋቢው ይናገራል። ስጋቱ ከሩቅ አገር ከመጣ ግራፍ ወጥቶ በራስ ግቢ ያለ ነገር ሲሆን፣ የማይስማማው ሰው እንኳ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

መደበኛው የፊት ለፊት ግንኙነትም ጠቅሟል፤ ቁጣውን አላጠፋውም፤ ሰው ጥያቄውን የት እንደሚወስድ ግን አሳወቀ። የወንዙ ግድብ ሥራም ከንግግር በላይ የሆነ መልእክት ነበረው፤ አስተዳደሩ ነዋሪውን ዛሬ እንዳልተወው አሳይቷል።

ያልሠራው

የ2019ኙ ሰነድ ዓላማዎችንና ሊመለሱ የሚገባቸውን ጉዳዮች ቢዘረዝርም፣ ነዋሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጠይቃቸው ለነበሩት ለሦስቱ ጥያቄዎች፦ የት እንሄዳለን? ማን ይከፍላል? እስከዚያው ቤታችን ምን ዋጋ አለው? የሚጨበጥ መልስ አልያዘም። ምክር ቤቱ ብቻውን ሊመልሳቸው አይችልም ነበር፤ ገንዘቡም ሕጉም በእጁ አልነበሩም። ቢሆንም ጥያቄው ቀኑን ወደ ነገረው አካል መሄዱ አይቀርም።

በመገናኛ ብዙኃን የተለጠፈው ስምም ጎድቷል። የመንደሯ ሰዎች «የብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ የአየር ንብረት ስደተኞች» ተብለው በዓለም ዙሪያ ተጻፈባቸው። ብዙዎቹ ይህን ስም አልወደዱትም። በቤታቸው ያሉ፣ ግብር የሚከፍሉ፣ ሱቅ ከፍተው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ለሩቅ አንባቢ ርኅራኄ ይፈጥር ይሆናል፤ ለስያሜው ባለቤት ግን ውሳኔው ያለቀ፣ የእርሱም ድምፅ ያከተመ ነው የሚል ትርጉም ይሰጣል። መንደሯን «ማፍረስ» የሚለው የመሐንዲስ ቃልም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ለአሮጌ ፋብሪካ የሚነገር ነው።

ሌላ ዳርቻ፣ ተመሳሳይ ስሕተት

በኒውዚላንድ የካፒቲ ዳርቻ የሆነው ለማነጻጸር ይረዳል። በ2012 የአካባቢው ምክር ቤት በ50 እና በ100 ዓመት ውስጥ ባሕር ሊሸረሽረው ይችላል የተባለውን መሬት የሚያሳዩ መስመሮች በ1,800 ገደማ ንብረቶች ይፋዊ የመረጃ መዝገብ ላይ አሰፈረ። ነዋሪዎች ተደራጅተው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጉዳዩ በ2013 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ታየ፤ በ2014 የቀረበው የገለልተኛ ባለሙያዎች ግምገማ መስመሮቹ በዕቅድ ውስጥ ለመግባት የሚበቃ ጥንካሬ የላቸውም አለ፤ መስመሮቹም ተነሡ። ከዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ሲጀመር ነዋሪዎች ራሳቸው የተቀመጡበት ፓናል ተቋቋመ። በሁለቱም ቦታዎች የመጀመሪያው መልእክት ያረፈው በሰው ንብረት ዋጋ ላይ ነው፤ ሰውየው ራሱ የተጠየቀው ኋላ ነው። ካፒቲ ላይ ግን ሁለተኛ ዕድል ተገኝቷል።

ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ከጉዳዩ የምወስደው የመጀመሪያው ነገር ከፍታን ከዓመት መለየት ነው። «ባሕሩ ግማሽ ሜትር ሲጨምር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከነሙሉ ትርጉሙ መነገር አለበት፤ ከዚያ ይህ በየትኛው የልቀት ሁኔታ ከየትኛው እስከየትኛው ዓመት ሊደርስ እንደሚችል፣ ማን እንደሚለካው፣ ልኬቱ በየስንት ጊዜው እንደሚነገር ይጨመራል። አንድ ዓመት ብቻ ከተሰጠ ሰውም ባንክም እንደ ፍርድ ቀን ይይዘዋል። በኋላ ትንበያው ሲሻሻልም አስተዳደሩ ቃሉን ያጠፈ ይመስላል።

ሁለተኛው ከማስታወቂያው በፊት ከአበዳሪዎችና ከመድን ድርጅቶች ጋር መነጋገር ነው። ይህ በስጋት ግንኙነት ሥልጠናዎች ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ በፌርቦርን ግን ከሁሉ ፈጥኖ የጎዳው እርሱ ነው። የቤት ብድር ገበያው መልእክቱን ከነዋሪው እኩል ይሰማል፤ ምላሹም የበለጠ ፈጣን ነው። መንግሥት ቤቱን ገዝቶ መልሶ ለባለቤቱ የሚያከራይበትን ዓይነት አማራጭ ለማጤን ጊዜው ዓመቱ ከመነገሩ በፊት ነው፤ ከተነገረ በኋላ የቤቱ ዋጋ ስለሚወድቅ በየትኛው ዋጋ ይገዛ በሚለው ላይ ብቻ ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል።

ሦስተኛው መልስ የሌለውን ጥያቄ መልስ የለውም ብሎ መናገር ነው። «የካሳውን ጉዳይ እስካሁን አልወሰንንም፤ የሚወስነው ይህ አካል ነው፤ በዚህ ወር ተመልሰን የደረሰበትን እንነግራችኋለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ያበሳጭ ይሆናል፤ ዝም ከማለት ግን ይሻላል፣ በተለይ በተባለው ወር በትክክል ተመልሶ የሚመጣ ሰው ካለ።

መልእክቱ በማን አፍ እንደሚነገርም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ማንኛውም ይፋዊ ሰነድ አንድ ቀን ለጋዜጠኛ ይደርሳል፤ ስለዚህ ሰነዱ በጸደቀበት ሳምንት በር እያንኳኳ የሚነግር፣ ግድቡ ለምን እንደሚሠራና ማፈግፈጉ ለምን እንደታሰበ በአንድነት የሚያስረዳ፣ ሦስቱን ውኃዎች ቦዩ አጠገብ ቆሞ በጣቱ የሚያሳይ ሰው መመደብ የዕቅዱ በጀት አካል መሆን ይገባዋል። ከ400 ብዙ ላልበለጡ ቤቶች ይህ የማይቻል ሥራ አልነበረም።

አሁን ያለው ሁኔታ

ሰዎች አሁንም በፌርቦርን ይኖራሉ፤ ቤትም በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ 2054 የሚለው ቁጥር አሁንም አከራካሪ ነው። የባሕሩን ከፍታ የሚመዘግበው የቅርብ መለኪያ ከወንዙ አፍ ማዶ ባርማውዝ ላይ ነው። ግማሽ ሜትሩ ምን ያህል እንደቀረው ለመንደሯ ሰው የሚነግረው መረጃ ከጠጠሩ ቁልል ላይ ሆኖ በዓይን ከሚያየው ከተማ ይሰበሰባል። ያን ልኬት በየዓመቱ በአንድ ገጽ፣ ከጉድጓዶቹ ልኬት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለእያንዳንዱ ቤት ማድረስ የመኖሪያውንና የካሳውን ጥያቄ አይመልስም፤ የመንግሥትን ውሳኔ ሳይጠብቅ ሊጀመር የሚችል ሥራ ግን ነው።